ጌታ ነገረኝ አላልኩም

ግንቦት 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡10

የስልክ ማዞሪያው ሁለት ቁጥር መሰኪያ ዛሬም አይይዝም። ገመዱን በክርኔ ደግፌ ነው የማገናኘው። የጣሪያው ቆርቆሮ ከአሁኑ ይንጣጣል። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ተጣብቋል። ድሬዳዋ ሦስት ጊዜ፣ ናዝሬት ሁለት፣ መልካ ወረር እርሻው ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። የጥጥ ሰዎች ስልክ ከያዙ መልቀቅ አያውቁም።

ጋሽ ባልቻ መጡ። የባቡር ጋራዥ መካኒክ ናቸው፣ የተደበቀችው ኅብረታችን መሪም እሳቸው ናቸው። ድሬዳዋ ለመደወል የመጡ መስለው መስኮቱ ላይ ተደግፈው ነገሩኝ። ወደዚያው ወደ ድሬዳዋ ተዛውረዋል። ግንቦት 24 ይሄዳሉ። እንባዬ መጣ፣ ከኋላቸው ሰው ነበርና ዋጥኩት።

ከመሄዳቸው በፊት በእሳቸው ቦታ አንድ ሰው መመረጥ አለበት። ብዙዎቹ የአንቺን ስም ነው የሚያነሡት፣ ጸልዪበት አሉኝ። ከዚያ ጮክ ብለው «ድሬዳዋ አይገኝም ማለት ነው? በሉ እሺ!» ብለው ወጡ። ትወናው አይችሉበትም፣ ግን ይሞክራሉ።

ደስ አለኝ ደብተሬ። አንተን አልዋሽህም። እኒህ ሰውዬ ስድስት ዓመት አባት ሆነውኛል። እንደሚሄዱ ስሰማ ካዘንኩት ይልቅ ስሜ በመነሣቱ የተደሰትኩት ይበልጣል። ኧረ እኔስ ምን ዓይነት ሰው ነኝ!

ግንቦት 4፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

የኅዳሩን ነገር ጽፌልህ አላውቅም። ፈርቼ ነው። ዛሬ ልገላገል።

ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ የምንጸልየው እማማ ጥሩነሽ ወፍጮ ቤት ነው፣ ከጀርባ ባለችው የእህል ክፍል። ወፍጮው ሲጮህ እንዘምራለን፣ ሲቆም ዝም እንላለን። ያኔ ቀናችን ሐሙስ ነበር። በኅዳር አንድ ሰኞ የቀበሌ ሊ/መንበሩን አዋሽ አርባ ካለ ጓዱ ጋር አገናኘሁት። ካገናኘሁ በኋላ የማዳመጫውን ቁልፍ መዝጋት ሥራዬ ነው። አልዘጋሁም። ወፍጮ ቤቱ የጴንጤ መሰብሰቢያ ሆኗል አሉ፣ ሐሙስ ድንገት እንግባ ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ።

በማግስቱ ለጋሽ ባልቻ ሐሙስ ባንሰበሰብስ አልኳቸው። ለምን ሲሉኝ ልቤ ከብዶኛል አልኩ። ይኼው ነው፣ ሌላ አልጨመርኩም። ሐሙስ ታጣቂዎቹ ገቡ። ዱቄት ብቻ አገኙ። አንዱ ጠመንጃው ሳይቀር ነጭ ሆኖ ወጣ አሉ።

ከዚያ ወዲህ «ለአስቴር ጌታ ይነግራታል» ሆነ ወሬው። እኔ ጌታ ነገረኝ አላልኩም። አልነገረኝም ብዬም ግን አላረምኩም።

መጀመሪያ ጥንቃቄ ነበር። የሰው ስልክ ማዳመጥ ያሳስራል። ከእኛ አንዱ ተይዞ ቢገረፍ፣ የሚያውቀው ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ይህ እውነት ነው። በኋላ ግን ጣመኝ። ስገባ ቦታ ይለቁልኛል። ስጸልይ ሁሉም ጸጥ ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ሰው ጸጥ ብሎ ሰምቶኝ አያውቅም። ሙሉ ቀን የሌላ ሰው ወሬ ሳገናኝ ነው የምውለው።

ብርቄን ደግሞ ጎዳኋት። የኅብረታችን እኅት ናት፣ መልካ ወረር ጥጥ ለቃሚ። በታኅሣሥ አንድ የአሰብ መስመር ሹፌር ላግባሽ አላት። ጌታ ምን ይልሻል ብላ መጣች። ቆዪ አልኳት። ምን አውቄ? የሰውዬው አረማመድ አላማረኝም፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ቆየች። በመጋቢት ሚሌ ላይ ሌላ አገባ። ብርቄ ግን አሁንም ታመሰግነኛለች።

ደወል። መልካ ወረር።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ፣ 10 ሰዓት

ገና ልቤ አልተመለሰም። የዛሬውን ስማ።

ከኅዳር ወዲህ ቀናችን ቅዳሜ ነው። ገበያ ስለሆነ ወፍጮው አያርፍም። ሰባት ሆነን መዝሙሩን ይዘናል፣ በሙሉ ድምፅ። በድንገት የወፍጮው ቀበቶ ተበጠሰ። ስድስታችን አፋችንን ዘጋን። መ/ር ኤልያስ ዓይኑን ጨፍኖ ብቻውን ቀጠለ! ወጣት ነው፣ ድምፁ ደግሞ ሰፈር ያነቃል። የቴሌ መስመር ሠራተኛው ደምሴ በመዳፉ አፉን ያዘለት። ውጭ እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ጸጥ አሉ። እማማ ጥሩነሽ ከመቅጽበት ወጥተው ጮኹ። ምን ታዩኛላችሁ፣ ይኼ ቀበቶ ጠጋኝ ሥራ ሲሰጡት ማንጎራጎር ይወዳል፣ ኑና ወንፊታችሁን አዘጋጁ! ሳቅ ተሰማ።

ቀበቶው ተጠግኖ ወፍጮው ሲነሣ ጋሽ ባልቻ ሥርዐቱን ነገሩን። ወረቀት የለም፣ እጅ ማውጣትም የለም። ከረቡዕ እስከ ዓርብ ጾም። ስለ ማንም ስም እርስ በርስ መነጋገር ክልክል። ቅዳሜ እያንዳንዱ ልቡ ያረፈበትን ስም በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ብዙ ስሙ የተጠራው ሰው የእህል ጆንያው ላይ ይቀመጥና አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ብናውቀው የማንመርጥህ ነገር አለ?

እሳቸው ራሳቸው ሲጠየቁ፣ በትዳራቸው መጀመሪያ ሚስታቸውን ይመቱ እንደነበር ተናገሩ። ሁለት ወር አቆይተዋቸው፣ ሚስታቸውን ጠይቀው ነው የመረጧቸው። ይህን ሲነግሩን ዓይናቸውን አልሰበሩም።

መ/ር ኤልያስ አላስችል አለው። ጌታ አስቀድሞ ካሳየን ጾሙ ለምን አስፈለገ አለና ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ባልቻ ቆጣ አሉ። ራእይ የሚያይ ሁሉ ሰው መጠበቅ ይችላል ያለህ ማነው አሉት። ብርቄ ክንዴን ጨበጠችኝ። ደምሴ ግን መሬት መሬት ነው ያየው። እሱ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ቀኑን ምሰሶ ላይ ውሎ ሲወርድ ቃል አይተርፈውም።

ጥያቄው አብሮኝ ቤት ገባ። የለም ብል ማን ያውቃል?

ግንቦት 12፣ ረቡዕ፣ 7 ሰዓት

የጾሙ አንደኛ ቀን። ሞኝነታችንን ልንገርህ። ሰባት ሰው ቁጭ ብሎ ቀን ሲቆርጥ አንድም ሰው በዓለ ሃምሳ መሆኑን አላሰበም! አገር ሁሉ ረቡዕና ዓርብን በሥጋ እየዋለ እኛ መጾም። እኔ ደግሞ በየቀኑ ምሳዬን ወ/ሮ ዘይነባ ምግብ ቤት ነው የምበላው፣ ከፖስታ ቤት ጸሐፊው ጎን።

አልሄድኩም። ወ/ሮ ዘይነባ ራሷ መጣች፣ በሳህን ጥብስ ሸፍና። የወሎ ሰው አይቀርህም። አልበላም አልኳት። ታመሽ ነው? አይ። ተጣላሽኝ? ኧረ ምን ሲባል! ትክ ብላ አየችኝና ድምፅዋን ቀነሰች።

«አስቱዬ፣ ክርስቲያን በሃምሳ ሲጾም አይቼ አላውቅም።»

ዓይኔን ወደ ማዞሪያው መለስኩ።

ሳህኑን መልሳ ሸፈነች። ጸሐፊው ከጠየቀኝ ጨጓራዋ ተነሥቶባት ነው እለዋለሁ አለች። ምን እንደቸገረሽ አላህ ያውቃል፣ እሱ ይይልሽ ብላ ወጣች። ስለ እኔ ልትዋሽ ነው እንግዲህ። እስላም ጎረቤቴ እንኳ የምትዋሸው ሰው ለማዳን ነው። የኔው ማንን ያድናል?

ግንቦት 13፣ ሐሙስ፣ 9 ሰዓት

ጠዋት ትምህርት ጽ/ቤቱን አገናኘሁ። ቁልፉ ላይ ጣቴ ዘገየ። መ/ር ኤልያስ ወደ ገዋኔ ሊዛወር ነው። ደብዳቤው የሚደርሰው በሚመጣው ሳምንት ነው።

ምን አሰብኩ መሰለህ? ቅዳሜ፣ ልክ ስም ከመጠራቱ በፊት፣ ከመካከላችን አንዱ መንገድ ሊወጣ ነው ብል። ማንም ሌላ ስም አይጠራም። ማንም ሌላ ስም አይጠራም። ይህን ሁሉ በጾም፣ በባዶ ሆዴ፣ አፌ ላይ ጸሎት እያለ ነው ያሰብኩት። ራሴን ፈራሁ።

ቁልፉን ዘጋሁ። ግማሹን ከሰማሁ በኋላ ነው፣ ግን ዘጋሁ።

ከሰዓት ደምሴ ሁለት ቁጥር መሰኪያን ሊጠግን መጣ። ጠግኖ ጨረሰ። መፍቻውን ሲሰበስብ፣ ሰሞኑን እየጸለይኩልሽ ነው አለኝ። ለመመረጤ ነው? ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀም። ለእንቅልፍሽ አለ። እንቅልፍ እንደሌለኝ ማን ነገረው?

ግንቦት 14፣ ዓርብ፣ 4 ሰዓት

ወሰንኩ። አልናገርም። ምክንያት፦ ለሁላችንም አደጋ ነው። ከተናገርኩ ሌላ ጊዜ ማስጠንቀቅ አልችልም። ደግሞስ ያ ስልክ በእኔ ፈረቃ እንዲያልፍ ያደረገው ጌታ አይደለም? ነው። እንግዲያው ጌታ ነገረኝ ማለት ነው።

11 ሰዓት። ከላይ የጻፍኩትን አነበብኩት። ሦስት ምክንያት ደርድሬያለሁ። እውነት ስናገር ይህን ያህል ምክንያት አስፈልጎኝ አያውቅም።

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ፣ 12 ሰዓት

ደብተሬ! በሕይወት አለሁ።

ሁላችንም በየተራ በጋሽ ባልቻ ጆሮ ተናገርን። እኔ የእማማ ጥሩነሽን ስም ሰጠሁ። የእኔን ስም አራት ሰው ጠራ። ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ማሽላ ነበረበት፣ ይቆረቁራል። ጋሽ ባልቻ ጎንበስ ብለው ጠየቁኝ። ብናውቀው የማንመርጥሽ ነገር አለ?

የለም ልል አፌን ከፍቻለሁ። «አለ» ብሎ ወጣ።

ሁሉንም ተናገርኩ። ስልኩን፣ ቁልፉን፣ ክብሩ እንደጣመኝ። ወፍጮው ስለሚጮህ መጮህ ነበረብኝ። ኃጢአት በጩኸት ሲናዘዙት ሌላ ነው፣ አታባብለውም። መ/ር ኤልያስ ፊቱ አመድ መሰለ። ለሰው ሁሉ መስክሬልሽ ነበር እኮ አለ። ብርቄን ማየት አቃተኝ፣ ግን ለእሷ ደግሞ ለብቻ ተናገርኩ። ሹፌሩን ቆዪ ያልኩሽ ከራሴ ነው፣ ጌታ ምንም አላለኝም አልኳት።

ብርቄ ተነሣች። ነጠላዋን አጣፋች።

«ከመጋቢት ወዲህ እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበር» አለች። «ለካ አንቺን ኖሯል መቀየም የነበረብኝ።»

ወጣች። የመልካ ወረር መኪና እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ብቻዋን ቆመች አሉ።

ከዚያ ደምሴ ተነሣ። ይህን ማንም አልጠበቀም። እኔም አውቅ ነበር አለ። በኅዳር ያን ሰኞ ከአዋሽ አርባ ወዲህ ምሰሶ ላይ ሆኖ መስመሩን እየፈተነ ነበር። ያንኑ ንግግር በመሞከሪያ ስልኩ ሰምቶታል። ሊነግረን ወደ ከተማ ሲመለስ እኔ ቀድሜ ተናግሬአለሁ። ሁሉም ሰው መገለጥ ነው ሲል ዝም አለ። ለምን አሉት ጋሽ ባልቻ። እሷ ከተናገረች እኔ መናገር አይኖርብኝም ብዬ፣ ፈሪ ስለሆንኩ ነው አለ። ሰዎች በሐሰት ሲያምኑ እያየሁ ስድስት ወር ተቀመጥኩ፣ ለእሷም ከመጸለይ በቀር ፊቷ ቀርቤ አልነገርኳትም አለ። እስከ ትናንት፣ የወደቅኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ባልቻ ዛሬ ማንም አይመረጥም አሉ። የሚመጣው ቅዳሜ። እማማ ጥሩነሽ ብቻ ጆንያቸውን እየጎተቱ፣ እንዲህ ያለ ጸሎት ከታሸግን ወዲህ ተጸልዮ አያውቅም አሉና ሽሮ የምታስፈጭ ሴትዮ ጋ ሄዱ።

ቤት ገብቼ በላሁ። ሦስት ቀን የጾምኩበትን ሁሉ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ፣ እንዴት ልበልህ፣ ቀለለኝ።

ግንቦት 18፣ ማክሰኞ፣ 5 ሰዓት

ብርቄ መስኮቱ ላይ መጣች። ከመልካ ወረር በጥጥ መኪና፣ የሥራ ቀኗን አቃጥላ። የምታስደውል መስላኝ መሰኪያውን አነሣሁ። ተይው አለች።

ተቆጣችኝ። አቤት አቆጣጥ! ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ ግን አንድም ሳታስቀር። አንቺ ባልሽን ስትጠብቂ ብትኖሪ ምን ትይ ነበር አለች። ይቅርታ ብቻ አልኳት። ይቅርታሽን ሰምቻለሁ፣ ገና አልቀበልኩትም አለች። ሲገባኝ እነግርሻለሁ።

ሄድ ብላ ግን ተመለሰች። ትናንት ማታ ጸለየች፣ ከመጋቢት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ። ለአንቺ እንዳይመስልሽ አለች። ፈገግ ልትል ነበር፣ ተወችው።

ግንቦት 22፣ ቅዳሜ፣ 11 ሰዓት

ሰባታችንም ነበርን። ብርቄም፣ ከእኔ ራቅ ብላ።

መ/ር ኤልያስ መጀመሪያ ተነሥቶ ገዋኔ መዛወሩን ተናገረ። እኔ እጄን አወጣሁ። ግማሹን ሰምቼ ነበር፣ ይኼም ሳይነገር እንዳይቀር አልኩ። ከዚያ ኤልያስ ራሱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ወፍጮው ባይኖር ቀበሌ ድረስ ይሰማ ነበር። ኤልያስ ገዋኔ ሄጄ ደግሞ ሰው ከመምረጤ በፊት ጆንያ እፈልጋለሁ አለኝ። ይቅር ብሎኛል መሰለኝ።

ስም ተጠራ። ደምሴ፣ አምስት። እኔም የእሱን ነው የሰጠሁት። ያወቀውን ይዞ ሊያዋርደኝ ይችል ነበር። አላደረገም። የራሱን ሲናገር ደግሞ የእኔን ተጠግቶ አልተናገረም። ጆንያው ላይ ተቀመጠና ተጠየቀ። የምታውቁት ፍርሃቴ አለ፣ ዛሬም አልለቀቀኝም አለ። ጋሽ ባልቻ ዞረው ጠየቁን። እያወቃችሁ ትቀበሉታላችሁ? ብርቄ ቀድማ አዎ አለች።

ደምሴ አንድ ነገር ለመነ። ይህ ጥያቄ ለምርጫ ቀን ብቻ እንዳይሆን። በየወሩ መጀመሪያ አንድ ሰው እሱን ጆንያው ላይ አስቀምጦ ይጠይቀው። ማን አሉት። አስቴር አለ። የሚዋሽ ሰው እንዴት እንደሚያወራ ታውቃለች አለ! ሳቁብኝ። ብርቄም ሳቀች፣ አየኋት።

እሺ አልኩ። መሪ አልሆንኩም። ጠያቂ ሆንኩ። እጅ ጭነው ሲጸልዩለት እጄ ከጋሽ ባልቻ እጅ ሥር ነበር። የጋራዥ ዘይት ይሸታል።

ግንቦት 24፣ ሰኞ፣ 8 ሰዓት

ጋሽ ባልቻ በጠዋቱ ባቡር ሄዱ። ሸኚ እንዳይበዛ ሁለት ሆነን ብቻ፣ ደምሴና እኔ። እንደ ዘመድ ሳምናቸው። ባቡሩ ጠፍቶ ሐዲዱ ብቻ እስኪቀር ቆምን።

ስንመለስ ደምሴ የመጀመሪያ ትእዛዙን ሰጠኝ። የማናችንም ስም ያለበት ወረቀት ካለ ይቃጠል፣ ለሁሉም እየነገርኩ ነው፣ አንቺ ጋ አለ? የለም አልኩ።

እንዲያው ምን ይሻለኛል! ጠያቂ ተብዬ ሁለት ቀን አልሞላኝም!

ከወ/ሮ ዘይነባ በር ሮጬ ተመለስኩ። ደምሴ መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ምሰሶው እየሄደ ነው። አለ፣ ደብተር አለ፣ ሁላችሁም በስማችሁ አላችሁበት አልኩት። አልተቆጣም። መጀመሪያ አንብቢው አለኝ። ያልተናገርሽው ካለ ተናግረሽ፣ ከዚያ አቃጥዪው።

ግንቦት 25፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩህ። አንድ ያልተናገርኩት አገኘሁ። ግንቦት 3። ሊሄዱ ነው ሲሉኝ ካዘንኩት ይልቅ ስሜ በመነሣቱ መደሰቴ። ቅዳሜ ልናገረው ብችልም የሚመለከተው እሳቸውን ነው።

ወ/ሮ ዘይነባ 4 ሰዓት ላይ ምድጃዋን ታቀጣጥላለች። ነግሬአታለሁ፣ አልጠየቀችኝም። ደብተሬ፣ አትቀየመኝ። ሌላ የማወራው ሰው ስላልነበረኝ ነው አንተን የያዝኩህ። አሁን ስድስት አሉኝ፣ አንዷ ገና ይቅር ባትለኝም።

ቀድሞ ግን ድሬዳዋ። ሁለት ቁጥር መሰኪያ አሁን ጥሩ ይይዛል። ጥሪው መዝገብ ላይ በስሜ ገብቷል። የድሬዳዋዋ ስልከኛ ካዳመጠችም ታዳምጥ፣ የራሴን ብቻ ነው የምናገረው።

የባቡር ጋራዥ ይጠራል። ሦስተኛው ነው። አነሡት፣ ድምፃቸው ነው፣